ጥያቄው ኮምቦልቻ፣ መሰላሉ ባሕር ማዶ

እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው የአይቢኤም ኮምፒውተር የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን የነበረውን ጋሪ ካስፓሮቭን ረታ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ ዜና ይዘው ብቅ አሉ፤ ሁለት ክንድ ያለው ሮቦት ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ፎጣ ከክምር ውስጥ አንሥቶ አጠፈ። በዘርፉ ያሉ ሰዎች ይህን እንደ ትልቅ እርምጃ ቆጠሩት። ሮቦቱ አንዱን ፎጣ ለማጠፍ በአማካይ 24 ደቂቃ ያህል ፈጅቶበት ነበር። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማጠፊያ ጠረጴዛ ፊት የምትቆም ወጣት ያንን ያህል ጨርቅ በሰከንዶች አጥፋ ወደ ሚቀጥለው ታልፋለች፤ ያውም ከጎኗ ካለችው ባልደረባዋ ጋር እየተጨዋወተች።

ሃንስ ሞራቬክ የተባለ የሮቦቲክስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ነገሩን በግልጽ አስቀምጦት ነበር። ኮምፒውተር አዋቂ ሰው የሚቸገርበትን ፈተና እንዲያልፍ ማድረግ ይቀላል፤ የአንድ ዓመት ሕፃን ማንም ሳያስተምረው የሚያደርገውን ማየት፣ መጨበጥና መንቀሳቀስ ለማሽን መስጠት ግን እጅግ ይከብዳል። እኛ "የእጅ ሥራ" ብለን ዝቅ አድርገን የምናየው ነገር ለማሽን ከሁሉ የከበደው ሆኖ ተገኘ። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ በኋላ ማሽን ደብዳቤ ሲጽፍና የፈተና ጥያቄ ሲመልስ ማየት ለምደናል። የተቆለለ ልብስ አንሥቶ፣ እጅጌውን አቃንቶ፣ ኮሌታውን ከጀርባው ጋር እንደ ሰው በፍጥነትና በርካሽ የሚሰፋ ማሽን ግን ዛሬም ምርምር ላይ ያለ ጉዳይ ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ "ልጄ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ሮቦቲክስ መማር ይፈልጋል፣ የት ብልከው ይሻላል?" የሚል ወላጅ በዝቷል። መንግሥትም ዘርፉን ይዞታል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል በ2012 ዓ.ም. ተቋቁሞ በኋላ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ብሔራዊ ፖሊሲው በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ፤ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮዲንግ ለማስተማር የታሰበው ዕቅድ ይፋ ሆነ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ማብዛትና ተመራማሪ ማፍራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ኮድ በወራት ይለመዳል፤ ተመራማሪ ግን አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ይዞ ዓመታት የሚቀመጥ ሰው ነው። የእኔ እምነት ይህ ነው፦ ለዚህ ሰው የሚሆን ጥያቄ ኮምቦልቻ ላይ ሞልቷል፤ የጎደለው ጥያቄውን ይዞ ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት መሰላል ነው። መሰላሉ ባሕር ማዶ ስለተተከለም የምናሳድገው ልጅ ጥያቄውን ትቶልን ይሄዳል።

ጨርቅ ለምን ይከብዳል?

እ.ኤ.አ. በ1961 ዩኒሜት የተባለው የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የመኪና አካል መበየድና ቀለም መቀባት በአብዛኛው የሮቦት ሥራ ሆኗል። ሸሚዝ ግን ዛሬም በሰው እጅ ይሰፋል። የዚህ ምክንያቱ በሒሳብ ሲታይ ግልጽ ነው። አንድ ብረት የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ ለመግለጽ ስድስት ቁጥር ይበቃል፤ ሦስቱ ለቦታው፣ ሦስቱ ለአቅጣጫው። ሮቦቱ እነዚህን ስድስት ቁጥሮች ካወቀ ብረቱን ይይዘዋል፤ ሲይዘውም ብረቱ ያው ብረት ነው። ጨርቅ ግን በእያንዳንዱ ነጥቡ ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፣ ይጨማደዳል። ገሚሱ በገሚሱ ይሸፈናል፤ ካሜራው የሚያየው የላይኛውን ብቻ ነው። አንዱን ጫፍ ስትነካው ሌላው ጫፍ ቦታ ይቀይራል። ጥጥ እንደ ፖሊስተር አይሆንም፣ ሹራብ እንደ ጂንስ አይሆንም። የልብስ ስፌት ኦፕሬተሯ ጣቶች ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማሉ፤ ጨርቁ ሲንሸራተት ትጫነዋለች፣ ሲወጠር ትለቀዋለች፣ መርፌው ወደሚሄድበት ታስጠጋዋለች።

ይህን ችግር ለመሻገር የተሞከሩት መንገዶች የሰው ብልሃት የታየባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲዎቦ በሚል ስም የቀረበ አንድ ሙከራ ጨርቁን በውሃ በሚሟሟ ነገር አድርቆ እንደ ካርቶን ካደረገው በኋላ ተራ የኢንዱስትሪ ሮቦት ቲሸርት እንዲሰፋ አደረገ፤ ከስፌት በኋላ ልብሱ ሲታጠብ ማድረቂያው ይለቃል። ጨርቁን ወደ ብረት መቀየር ማለት ነው። ከአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ኩባንያ ደግሞ ፈጣን ካሜራዎች የጨርቁን እንቅስቃሴ እየተከታተሉ ስፌቱን እንዲያቀኑ አደረገ። አዲዳስ በጀርመንና በአሜሪካ በሮቦት የሚሠሩ ሁለት የጫማ ፋብሪካዎች ከከፈተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ዘጋቸው። የበለጸጉት አገሮች ገንዘብም ዕውቀትም ይዘው ገና አልጨረሱትም ማለት ነው። ወደዚህ ዘርፍ ለሚገባ ወጣት ከዚህ የተሻለ ዜና የለም፤ ሌሎች ፈትተው የጨረሱትን ሳይሆን ሁሉም ገና የሚታገሉበትን ጥያቄ ያገኛል ማለት ነውና።

እዚህ ላይ ከወላጆች ተደጋግሞ የሚነሣ ሥጋት አለ፦ "ሮቦት ከመጣ የእኛ ልጆች ምን ይሠራሉ?" ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ አቅጣጫው ግን መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ሥር ያለ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበረ አሳይቷል፤ በዓለም ዝቅተኛው ነው ብሎም ጠቅሶታል። በዚህ ደመወዝ ፊት ውድ ሮቦት አምጥቶ ኮምቦልቻ የሚተክል ባለሀብት አይኖርም። ሥጋቱ ሌላ ቦታ ነው። የስፌት ሮቦት አንድ ቀን ከተሳካ የሚተከለው ገዢው ካለበት አገር ነው፤ ያን ጊዜ ለኮምቦልቻ የሚመጣው ትእዛዝ ይቀራል። ሩቅ የሚወሰን ውሳኔ እዚህ ያለውን የስፌት መስመር እንዴት ባዶ እንደሚያደርግ ደግሞ አይተናል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ገበያ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስትታገድ ጉዳዩን ያልተረዳ የልብስ ስፌት ሠራተኛ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው ሮቦቱ ይምጣ ወይስ አይምጣ አይደለም። ቴክኖሎጂው ሲበስል ከሚያውቁት ወገን እንሆናለን ወይስ ከሚነገራቸው ወገን የሚለው ነው።

የጨርቅ ፍተሻ ጠረጴዛ

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥቅል ጨርቅ ወደ መቁረጫ ከመሄዱ በፊት በፍተሻ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ጠረጴዛው ዘንበል ያለ ነው፤ ከሥሩ ወይም ከላዩ ብርሃን ይበራበታል፤ ጨርቁ ከአንዱ ጥቅል እየተፈታ በሌላው ይጠቀለላል። ፈታሿ ፊት ለፊት ቆማ ዓይኗን ከጨርቁ ሳትነቅል ትመለከታለች። የተበጠሰ ድር፣ የጎደለ ማግ፣ የወፈረ ፈትል፣ የዘይት ጠብታ፣ ቀዳዳ፣ የቀለም ልዩነት ስታይ ማሽኑን አቁማ ምልክት ታደርግበታለች። ብዙ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የአራት ነጥብ መለኪያ አለ፤ እስከ 3 ኢንች የሆነ እንከን 1 ነጥብ፣ ከ3 እስከ 6 ኢንች 2፣ ከ6 እስከ 9 ኢንች 3፣ ከ9 ኢንች በላይ 4 ነጥብ ይያዝበታል። ነጥቡ ተደምሮ ጥቅሉ ያልፋል ወይም ይወድቃል።

ይህ ሥራ ዓይን ያደክማል። በፈረቃው መጀመሪያ ላይ የሚታየው እንከን በፈረቃው መጨረሻ ላይ ሊያመልጥ ይችላል፤ ያመለጠው እንከን ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ይመለሳል። ካሜራ ተክሎ ኮምፒውተሩ እንከኑን እንዲለይ ማድረግ እንግዲህ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የታወቀ የምርምር ርዕስ ነው። ታወቀ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። እንከን የሌለበት ጨርቅ በኪሎ ሜትር ይገኛል፤ አንዳንዱ የእንከን ዓይነት ግን አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚታይ ማሽኑ የሚማርበት ምሳሌ ያንሰዋል። ጥቁር ጨርቅ ላይ ያለ ጥቁር ክር በየትኛው ብርሃን ይታያል? በአንድ ዓይነት ጨርቅ የተማረው ማሽን ነገ አዲስ ንድፍ ሲመጣለት ምን ያደርጋል? ጨርቁ በፍጥነት ሲያልፍ ምስሉ ቢደበዝዝስ? እያንዳንዱ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚወጣው ጥያቄ ነው፤ አንዳንዱ የሦስተኛም ይሆናል።

መሣሪያውስ? ሰዎች የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር የሚሊዮን ዶላር ኮምፒውተር ይፈልጋል ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉትን ታላላቅ የቋንቋ ሞዴሎች ለመሥራት እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የኮምፒውተርን የማየት ችሎታ አንድ እርከን ያሻገረው አሌክስኔት የተባለው ፕሮግራም የተሠለጠነው ለኮምፒውተር ጨዋታ በተሠሩ ሁለት የግራፊክስ ካርዶች ላይ፣ በአምስት ወይም በስድስት ቀን ነበር። በዚያ ዓመት የሥዕል መለየት ውድድር ሁለተኛ የወጣው 26.2 በመቶ ሲሳሳት እሱ 15.3 በመቶ ብቻ ተሳሳተ። ከጀርባው የነበረው ዋና ሀብት 1.2 ሚሊዮን የሚያህሉ፣ ምንነታቸው በሰው እጅ የተጻፈባቸው ሥዕሎች ነበሩ። ፌይ-ፌይ ሊ የተባለችው ተመራማሪ ያን ስብስብ ስትጀምር ብዙዎች ጊዜ ማባከን አድርገው ቆጥረውት ነበር፤ ከተለያዩ አገሮች የመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት እየተከፈላቸው ሥዕሎቹን ለይተዋል።

ስለዚህ የኮምቦልቻው ተመራማሪ የሚያስፈልገው አንድ ደህና ካሜራ፣ የተስተካከለ መብራት፣ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንከናቸው በትክክል የተለየ ብዙ ምስሎች ናቸው። ያን መለየት የሚችለው ማነው? ፈታሿ ናት። ለዓመታት ያካበተችው ዕውቀት ከዓይኗ ወደ ኮምፒውተር የሚሸጋገርበት ሥራ ነው። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ፤ ከገንዘብና ከክብር ጋር የተያያዘ ነገር ስላለበት።

ቀድመው የሄዱት

ኢትዮጵያውያን በዚህ ዘርፍ ስማቸው የሌለ አይደሉም። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ሦስተኛ ዲግሪዋን በስታንፎርድ የሠራችው ከዚያችው ከፌይ-ፌይ ሊ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባወጣችው ጥናት የትልልቅ ኩባንያዎች የፊት መለያ ፕሮግራሞች ነጣ ያለ መልክ ባላቸው ወንዶች ላይ ከ1 በመቶ በታች ሲሳሳቱ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚሳሳቱ አሳየች። ረድኤት አበበ ከአዲስ አበባ ተነሥታ በኮርኔል የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዲግሪዋን ያዘች፤ ስልተ ቀመርን የኑሮ አለመመጣጠንን ለመረዳት የተጠቀመች ተመራማሪ ናት። ሁለቱ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 የጥቁር ተመራማሪዎችን ኅብረት መሠረቱ። ኢትዮጵያ የተወለደችው አበባ ብርሃኔ ደግሞ ከባልደረባዋ ጋር ባደረገችው ምርመራ 80 ሚሊዮን ሥዕሎች የያዘው የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ በስድብና በዘረኝነት ቃላት የተሞላ መሆኑን አጋለጠች፤ ተቋሙም እ.ኤ.አ. በ2020 ስብስቡን ከአገልግሎት አወጣው።

ሦስቱንም ሳይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ጥያቄያቸው ከማንነታቸውና ካሳለፉት ሕይወት የፈለቀ ነው። ሌላው አልፎት የሄደውን እነሱ ያዩት በሌላ ቦታ ቆመው ስላዩት ነው። ይህ በትክክል የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት ያለው ዕድል ነው። በአንጻሩ ሦስቱም የተመራማሪነት ዕድላቸውን ያገኙት ውጭ ሄደው ነው። ይህን ለነቀፋ አላነሣሁትም፤ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

አንድ ጊዜ መንገዱ ወደ እኛ ሊመጣ ተቃርቦ ነበር። አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ጥናታቸው ተቀባይነት አግኝቶ እያለ ቪዛ ተከልክለው ከስብሰባ የሚቀሩበት ሁኔታ ቅሬታ ሲያስነሣ፣ አይሲኤልአር የተባለው ከዘርፉ ትልልቅ ጉባኤዎች አንዱ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወሰነ። የዓለም ምርጥ ተመራማሪዎች ወደ ቦሌ ሊመጡ ነበር፤ ለኢትዮጵያ ተማሪ የአውቶቡስ ቲኬት ይበቃው ነበር። ኮቪድ መጣና ጉባኤው በኢንተርኔት ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ አፍሪካ ላይ ሲካሄድ ኪጋሊ ወሰደችው። ሩዋንዳውያን ተዘጋጅተው ጠበቁት፤ ይገባቸዋል። እኔ ግን ያ ዕድል ያመለጠው የኢትዮጵያ ትውልድ ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል። ከደሴ ተነሥቶ አንድ ሌሊት አድሮ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ስማቸውን በወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቃቸውን ሰዎች አግኝቶ "ይህን ጥያቄ እንዴት ትይዘዋለህ?" ብሎ መጠየቅ የአንድን ወጣት ሕይወት ይለውጥ ነበር።

በአገር ውስጥም ጥረት አለ። አይኮግ ላብስ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአዲስ አበባ ወጣቶችን ይዞ ሲሠራ ቆይቷል፤ በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጎበኘችው ሶፊያ የተባለችው ሮቦት ካሏት ፕሮግራሞች ከፊሉ የእነዚያ ወጣቶች እጅ ያለበት ነው። ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ስብስብ አማርኛን ጨምሮ ለብዙ ቋንቋዎች በበጎ ፈቃድ መረጃ አዘጋጅቷል። እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት ከሚፈለገው መሰላል አንዳንዱ ደረጃ እየተሠራ መሆኑን ነው። መካከለኛው ደረጃ ግን የለም።

መካከለኛው ደረጃ

መካከለኛው ስል ምን ማለቴ ነው? በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በከፍተኛ ውጤት የተመረቀ አንድ ወጣት አስቡ። ረዳት ምሩቅ ሆኖ ይቀጠራል። ወዲያው ክፍል ይሰጠዋል፤ ያስተምራል፣ ያርማል፣ የላብራቶሪ ተማሪዎችን ይይዛል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ይሄዳል፤ የጥናት ርዕሱን የሚሰጠው አማካሪ ኮምቦልቻን ላያውቃት ይችላል። ተመልሶ ሌክቸረር ይሆናል፤ የማስተማር ሸክሙ ይጨምራል። ደመወዙ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ስለማይሄድ ማታ ሌላ ሥራ ይይዛል። ምርምር የሚሠራው ለእድገት የሚቆጠር ወረቀት ሲያስፈልገው ነው። ውጭ የትምህርት ዕድል ካገኘ ይሄዳል፤ ከሄደ በኋላ ለምን ይመለስ? ላብራቶሪ የለ፣ የጀመረውን የሚቀጥልለት ተማሪ የለ። በዚህ መካከል የጠፋው ነገር ዕውቀት አይደለም። ያልተሸራረፈ ጊዜ ነው። አንድ ሰው ከ25 እስከ 32 ባለው ዕድሜው አንድ ጥያቄ ላይ ተቀምጦ እንዲሳሳት፣ እንዲደግም፣ እንዲበስል የሚፈቅድ ቦታ የለም።

ለዚህ ተቋማዊ ምክንያትም አለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በተልእኮ ሲለዩ ስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፤ ወሎ ከእነዚያ አንዱ አልነበረም። ልየታው በራሱ ስሕተት ነው አልልም፤ ሀብት ሲያንስ ማተኮር ያስፈልጋል። ነገር ግን የሮቦቲክስ ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ተመርጦ አይቀመጥም፤ ፋብሪካው ባለበት ይቀመጣል።

ጦርነቱ ደግሞ አለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ገቡ፤ ከአንድ ወር በላይ ቆይተው በኅዳር 27 ሲለቀቁ ዩኒቨርሲቲውም፣ ፋብሪካዎቹም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ተዘርፈውና ተጎድተው ነበር። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው ይህ የደረሰበት። ኮምፒውተር ይተካል፤ ለዓመታት የተሰበሰበ መረጃ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲሄድ ግን የሚተካው የለም። ቀጥሎ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። የዚህ ዘርፍ ሰው ኢንተርኔት ሲቋረጥበት የሚቀርበት ወሬ አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ኮምፒውተሩና የሥራ ባልደረቦቹ በአንድ ጊዜ ይዘጉበታል። በየሳምንቱ ከሚለዋወጥ ዘርፍ ወራት መለየት ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ይህንንም አልፈው የቀጠሉ ወጣቶች መኖራቸው ያኮራኛል።

እንዲህም ሆኖ በእጃችን ያለው ነገር ትንሽ አይደለም። ሮቦቲክስ የአንድ ትምህርት ክፍል ሥራ አይደለም፤ ክንዱን የሚቀርጽ የሜካኒካል ሰው፣ ሞተሩንና ሴንሰሩን የሚያገናኝ የኤሌክትሪካል ሰው፣ እንዲያይና እንዲወስን የሚያደርግ የኮምፒውተር ሰው ይፈልጋል። በኮምቦልቻ ኢንስቲትዩት እነዚህ ሁሉ ከጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ጋር በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ይህን ዓይነት ጥምረት ብዙ ስመ ጥር ተቋማት የላቸውም፤ የጨርቅ ሮቦት የሚሠሩት ስለ ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ከሌላ ቦታ ፈልገው ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላል ያገሬ ሰው፤ ሰርዶውም በሬውም እዚሁ አለ። በሬዎቹ ግን አብረው አልተጠመዱም፤ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጥናቱን ለየብቻው ያሠራል።

መማሪያውና መሥሪያውም በነጻ አለ። ሮስ የተባለው የሮቦት ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የተገነባና ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ሮቦት ሳይኖር ሮቦትን በኮምፒውተር ውስጥ የሚያስመስሉት ጋዜቦና ሙጆኮ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የዘርፉ ጥናቶች ከመታተማቸው በፊት የሚወጡበት አርካይቭ ለሁሉም ክፍት ነው። ኃይለኛ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ ኮላብ በተባለው የጎግል የኢንተርኔት አገልግሎት የግራፊክስ ካርድ በተወሰነ ሰዓት ሊጠቀም ይችላል። እርግጥ በኮምፒውተር ውስጥ የተሳካ ነገር በእውነተኛው ዓለም ይሰናከላል፤ በጨርቅ ላይ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ይሰናከላል፤ አስመሳይ ፕሮግራሞች የጨርቅን ባሕርይ በደንብ አይዙትምና። ያ ክፍተት ራሱ የምርምር ርዕስ ነው፤ ለመዝጋትም እውነተኛ ጨርቅ በቅርብ ማግኘት ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ችግር አይደለም።

ጨርቅ ላይ ስላተኮርኩ ሌላ ጥያቄ የለም ማለቴ አይደለም። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ሲገባ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይጠብቃል። ደሴ በተራራ ሥር የተቀመጠች፣ የመሬት መንሸራተት የማያጣት ከተማ ናት፤ የክረምቱን ዝናብ፣ የአፈሩን እርጥበትና የሳተላይት ምስሎችን አዋሕዶ የትኛው ተዳፋት እንደሚያሰጋ አስቀድሞ የሚናገር ሥርዓት መሥራት ነፍስ የሚያድን ጥናት ነው። የወሎ ሊቃውንት አማርኛን በዓረብ ፊደል የጻፉባቸው የአጀም ጽሑፎችን ማንበብ የሚችል ፕሮግራም መሥራት ደግሞ የቋንቋ፣ የሃይማኖትና የኮምፒውተር ሰዎችን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣል። በቋንቋ በኩል አማርኛ ራሱ ዋጋ ይከፍላል። አንድ የላቲን ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የቋንቋ ሞዴሎች አማርኛን ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ስለሚበትኑትም ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጠየቅ ወጪው ይበልጣል፣ ፍጥነቱ ያንሳል። ይህን የሚያስተካክለው ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ነው ብሎ መጠበቅ ብዙ ያስጠብቃል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በኋላ የምጽፈው የራሴ ሐሳብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ፋብሪካዎቹም ሊከራከሩበት ይገባል። በመጀመሪያ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሦስት ወይም አራት ረዳት ምሩቃንን መርጦ ለሦስት ዓመት የማስተማር ሸክማቸውን ወደ ግማሽ ማውረድና አንድ ጥያቄ መስጠት ነው። ጥያቄው ከአንድ ፋብሪካ ጋር ተስማምተው የመረጡት ይሁን፤ የጨርቅ ፍተሻው ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ወጪው ትንሽ፣ ውጤቱ በዓይን የሚታይ ነውና። ከተመረጡት ቢያንስ ገሚሶቹ ሴቶች ይሁኑ። በፓርኩ ውስጥ ጨርቅ የሚዳስሱት እጆች አብዛኞቹ የሴቶች ሆነው ጥያቄውን የሚይዙት ወንዶች ብቻ ከሆኑ መጠየቅ ያለበት ነገር ሳይጠየቅ ይቀራል፤ እነ ትምኒት የሠሩት ሥራ ይህንኑ አስተምሯል።

ሦስተኛ ዲግሪን በተመለከተ፣ ሰው ወደ ውጭ አይሂድ የሚል አቋም የለኝም። ይሂድ። ነገር ግን የኮምቦልቻን ጥያቄ ይዞ ይሂድ፤ ከዓመቱ የተወሰኑ ወራት እዚያ፣ ቀሪውን እዚህ የሚያሳልፍበት፣ ሁለት አማካሪ ያለው መርሐ ግብር ይሁን። መረጃው እዚህ፣ የሙከራ ጠረጴዛው እዚህ፣ የሚያግዙት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች እዚህ ከሆኑ ለመመለስ ምክንያት ይኖረዋል። በርካታ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው የሌላቸውን መረጃ የያዘ ተማሪ በደስታ ይቀበላሉ፤ ባዶ እጁን ከሚመጣው ይልቅ እሱን ይመርጣሉ። ወይዘሮ ስሂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅንና የኮምቦልቻ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅንም በዚህ ውስጥ ማስገባት ይገባል። ተመራማሪ በወረቀት ላይ የሣለውን ማሽን ቀርጾ፣ በይዶ፣ ሽቦ ዘርግቶ የሚያቆምለት ባለሙያ ከሌለ ሮቦቲክስ ስላይድ ላይ ይቀራል። ዘንድሮ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በምናደርገው ንግግር ውስጥ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ሲነሣ አልሰማም፤ ትልቅ ጉድለት ነው።

ፋብሪካዎች "መረጃችን ምሥጢር ነው" ይላሉ፤ እውነት አላቸው፤ የገዢያቸውን ንድፍ ማሳየት አይችሉም። ስለዚህ ውል ያስፈልጋል። የትኛው ጨርቅ ፎቶ እንደሚነሣ፣ ምስሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህሉ ለሕዝብ ክፍት እንደሚሆን፣ ፕሮግራሙ ከተሳካ ፋብሪካው በምን ዋጋ እንደሚጠቀም አስቀድሞ ይጻፍ። በቃል የተጀመረ ትብብር ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር ይፈርሳል።

በዚያ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ስለ ፈታሿ ይኑር። የእሷ ዓይን የለየው ምስል ነው ማሽኑን የሚያስተምረው፤ ያለዚያ ካሜራው ጨርቅ ከማየት በቀር ምንም አያውቅም። ሌላው ዓለም ይህን ሥራ ስማቸው በማይጠራ ሰዎች በጥቂት ሳንቲም ሲያሠራ ቆይቷል። እዚህ ሲጀመር ለምስል መለየት የምታውለው ሰዓት ከመደበኛ ደመወዟ ውጭ ይከፈላት፤ ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ከቦታዋ እንዳትፈናቀልና የማሽኑን ውሳኔ የምትቆጣጠር ባለሙያ ሆና እንድትሠለጥን ይጻፍ፤ ጥናቱ ሲታተምም ከአስተዋጽኦ አድራጊዎቹ ጋር ስሟ ይውጣ።